ነርስ ነኝ፤ ሕፃን ሲገረዝ መያዝ ከበደኝ

የማታ_ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ገና መግባቴ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ልተኛ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እናቶችና አራስ ሕፃናት አብረው በሚተኙበት ክፍል ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ወንድ ሕፃን ሲወለድ ወላጆች «ይገረዝልን» ካሉ ሐኪሙ ንጋት ላይ ይመጣል፤ የቀን ሥራው ሳይጀምር ቶሎ ለመጨረስ። እኔ ሕፃኑን ከእናቱ ክፍል በተሽከርካሪ አልጋው እየገፋሁ ወደ ነርሰሪ (የሕፃናት ክፍል) እወስዳለሁ። አንዲት ነጭ ፕላስቲክ ገበታ አለች፤ በሕፃን ቅርጽ የተቦረቦረች። እሷ ላይ አስተኛዋለሁ። እግሮቹን በሚጣበቀው ማሰሪያ አስራለሁ፤ ከወገቡ በላይ በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። ስሙን፣ እጁ ላይ የታሰረውን ቁጥርና የእናቱን ፊርማ ከሐኪሙ ጋር አረጋግጣለሁ። ስኳር ውሃ የነካ ፓሲፋየር (የሚጠባ የጎማ ጡት) አፉ ላይ ይዤ፣ ጭንቅላቱን እየደባበስኩ አጠገቡ እቆማለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሐኪሙ የማደንዘዣ መርፌውን ወጋና ወዲያው መቆንጠጫውን አነሳ። ሊዶካይን (ማደንዘዣው) እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። «ዶክተር፣ ትንሽ ብንጠብቅ?» አልኩት። «ቀዶ ጥገና ክፍል እየጠበቁኝ ነው» አለና ቀጠለ። ልጁ ጮኸ። አገጩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዝም አለ። ተኝቶ አይደለም፤ ዓይኑ ክፍት ነው። ወደኔ እያየ ዝም አለ።

መልሼ ወሰድኩት። እናቱ እጇን ዘርግታ እየጠበቀች «አለቀሰ?» አለችኝ። «ትንሽ ብቻ። ጎበዝ ነበር» አልኳት።

ከዓርብ ጀምሮ የሚያንገበግበኝ ይህች መልስ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ለስንት እናት እንደመለስኳት አላውቅም።

አትሳሳቱብኝ፤ ግርዛትን ስቃወም የኖርኩ ሰው አይደለሁም። ወንድሜ በስምንተኛው ቀን ቤታችን ውስጥ ሲገረዝ እማዬ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ይዛ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። የገዛ ልጄም ተገርዟል። ያኔ ግን ነርስ አልነበርኩም፤ ክፍሉ ውስጥም አልነበርኩም።

አሁን መያዝ አልፈልግም ብል ይቻላል ወይ? እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነርስ ታውቃላችሁ? ሥራዬን የሚያሳጣኝ ከሆነ እሱንም ንገሩኝ።

---

ሲስተር_ቨርጂኒያ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ትንሽ ተኚ። ከዚያ ይህን አንብቢ።

እዚህ አገር 22 ዓመት ነርስ ሆኛለሁ፤ ብዙውን ያሳለፍኩት ማዋለጃ ክፍል ነው። ይህን ጥያቄ ያነሳሽው የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሳንታ ፌ ከተማ፣ ሴንት ቪንሰንት ሆስፒታል በ1992 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከ20 በላይ ነርሶች «ከእንግዲህ በሕፃናት ግርዛት አንረዳም» ብለው ደብዳቤ ፈርመዋል። ምክንያታቸው ያንቺው ነበር። ሕፃኑ ታካሚያችን ነው፤ ሕመም የለበትም፤ እኛ የምንይዘው እሱ ለማይፈልገው ነገር ነው አሉ። ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1995 ከሆስፒታሉ ጋር የጽሑፍ መግባቢያ ተፈረመ፤ መርዳት የማይፈልግ ነርስ አይገደድም ተባለ። ከነሱ የተወሰኑት በዚያው ዓመት የሕፃናትን መብት የሚሟገት የነርሶች ማኅበር አቋቋሙ።

የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም ቦታ ሰጥቶታል። የ2015ቱ እትም አምስተኛው ድንጋጌ ላይ ስለ ኅሊና ተቃውሞ የሚናገር ክፍል አለ። ነርስ ኅሊናዋ የማይቀበለውን ሥራ አልሠራም ማለት ትችላለች። ግን ቀድማ መናገር አለባት። ሌላ ሰው እስኪተካ ታካሚውን ጥላ መሄድ አትችልም። ጥላቻ፣ አድልዎ ወይም የራስ ምቾት ምክንያት አይሆንም። እምቢ ማለቷ መዘዝ ሊኖረው እንደሚችልም ደንቡ ራሱ ሳይደብቅ ይነግራታል።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። ንጋት ላይ፣ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ፣ ሕፃኑ ራቁቱን ሆኖ «አልይዝም» እንዳትዪ። በጽሑፍ አድርጊው። ለማኔጀርሽ ስጪ፤ ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ። በምትኩ ምን እንደምትሠሪ ጻፊበት። ከዚያ ደግሞ ወላጆችን ለማሳመን አትሞክሪ። የምታስቀሪው የራስሽን እጅ ብቻ ነው።

የዓርቡ ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ማደንዘዣው ሳይዝ መቁረጥ የኅሊና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሙያ ጥፋት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ1999 ጀምሮ ግርዛት የሚደረግለት ሕፃን ማስታገሻ ማግኘት አለበት ብሏል። እሱን ሪፖርት አድርጊ። ሁለቱን አንድ ደብዳቤ ውስጥ አትቀላቅዪ።

---

ወልደ_ዳዊት (ሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሆዴን አባባው። ቢሆንም የሚያሳስበኝን ልናገር።

በቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። እኛ ጋ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። ጌታ ራሱ በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፤ ጥር 6 በዓለ ግዝረት ብለን የምናከብረው ለዚህ ነው። እዚህ ከተማ ወላጆች «አባ፣ የት እናስገርዝ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሆስፒታሉ «አንዴ ከወጣችሁ በኋላ አንሠራም» ይላቸዋል። ስለዚህ ስምንተኛውን ቀን ትተው በሁለተኛው ቀን እዚያው ያስጨርሳሉ። አሁን ደግሞ ነርሶች አንይዝም ካሉ ሕዝባችን ወዴት ይሂድ? ቤት ውስጥ ምላጭ ይዞ ወደሚመጣ ሰው?

ደግሞ ለአሜሪካዊው ልማድ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሃይማኖት ነው።

---

ታሪክ_ወዳድ

ወንድሜ ወልደ ዳዊት፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 (በፈረንጆቹ) በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ይህን ጉዳይ አንስተውታል። ፖርቱጋሎች «እንደ አይሁድ ትገረዛላችሁ» ብለው ሲከሱን የሰጡት መልስ ነው። የሐዋርያው ጳውሎስን ቃል እናውቃለን፤ መገረዝ አይጠቅምም፣ አለመገረዝም አይጠቅምም አሉ። የእኛ ግርዛት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ሰው ፊቱን እንደሚበጣው፣ ሕንዶችም ጆሯቸውን እንደሚበሱት ያለ ነው አሉ።

እንግዲህ ሃይማኖት ነው ወይስ ልማድ የሚለው ክርክር ዛሬ ሜሪላንድ ላይ አልተጀመረም ለማለት ነው።

---

ወልደ_ዳዊት (ሚኒያፖሊስ)

አውቀዋለሁ፤ ጥሩ አስታወስክ። ግን ንጉሡ ልማድ ነው ብለው አልተዉትም። ልማድ ነው ብለው ጠበቁት።

---

አዋላጅ_ነኝ (ጎንደር አካባቢ)

ልጆቼ፣ እኔ ከአገር ቤት ነኝ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። አንቺ ሜሪላንድ ያለሽው፣ ስሚኝ።

አገራችን ውስጥ ያልተገረዘ ወንድ ጥቂት ነው። በ2016ቱ (በፈረንጆቹ) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአሥር ወንድ ዘጠኙ የተገረዘ ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጤና ተቋም ውስጥ ሆነ ብትዪኝ፣ በእኔ አካባቢ ብዙው ቤት ነው የሚገረዘው። ገራዡ ይጠራል። አያትየው ልጁን ጭኗ ላይ ትይዛለች። ምላጩ አዲስ ከሆነ እሰየው ነው። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ሌሊት ልጅ ይዘው መጡ። ተገርዞ አንድ ቀን ሆኖታል። የታሰረበት ጨርቅ በደም ርሶ ደርቋል፤ እንደገና ርሷል። ልጁ ነጭ ሆኗል፣ አያለቅስም። ቤት ነው የተወለደው፣ ስለዚህ እኛ ስናዋልድ ጭኑ ላይ የምንወጋውን፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ አላገኘም። ጫንን፣ ወጋን፣ ወደ ሆስፒታል ላክን። ተረፈ። አባቱ በኋላ ማር ይዞልኝ መጣ፤ ማሩን ሳይ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ወዲህ እኔ «አምጡልኝ» እላለሁ። እኔ ጋ ጓንት አለ፣ የተቀቀለ መሣሪያ አለ። ሊዶካይን ባለ ጊዜ እሰጣለሁ። ስለዚህ እምቢ ማለት ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ጨርቅ ነው። ልጄ፣ አንቺ እምቢ ብትዪ ሌላ ነርስ ትተካለች። እኔ እምቢ ብል ምላጩ ነው የሚተካኝ።

ስለዚህ ያንቺን እምቢታ አልኮንንም። እኔ ግን አልችለውም።

---

የማታ_ፈረቃ (ሜሪላንድ)

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉት ገብቶኛል። የእርስዎን ሥራ እኔ አንድ ቀን አልሠራውም።

ወንድሜ ወልደ ዳዊት፣ ልጄን ያስገረዝኩት አንተ ባልከው ምክንያት ነው። ግን እዚህ ንጋት ላይ ከምይዛቸው ሕፃናት ወላጆች ብዙዎቹ ሃይማኖት አያነሱም። ሲጠየቁ «አባቱን እንዲመስል» ይላሉ። ወይም ሌሊት ፎርም ቀረበላቸውና ፈረሙ።

---

አባ_ናሆም (ዴንቨር)

ከፈረሙት አንዱ ነኝ። ልጄ የተወለደው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ 20 ሰዓት አምጣለች። ነርሷ በር አንኳኳችና «ግርዛት ትፈልጋላችሁ? እዚህ ጋ ፈርሙ» አለች። እንደ ምግብ ምርጫ ነበር የቀረበው። ፈረምኩ። ባለቤቴ ነቅታ «ምን ፈረምክ?» ስትለኝ መመለስ አቃተኝ። ጠዋት ሰረዝነው፤ እንደገና እናስብበት ብለን። እያሰብን ሦስት ዓመት ሆነ።

እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ «ልጄን ቆላፍ አድርጋችሁ ልታስቀሩት ነው?» እያለች ታለቅሳለች። ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ያቺ ነርስ ቁጭ ብላ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ምን ያህል እንደሚያም፣ ቢቆይም ችግር እንደሌለው ብትነግረን ኖሮ ውሳኔው የእኛ ይሆን ነበር። የማታ ፈረቃ፣ እንደ አንቺ የሚጨነቅ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲኖር ነው የምፈልገው። አትውጪ።

---

ዳላስ_አርኤን

ትንሽ ላስቸግራችሁ። እኔም ነርስ ነኝ፤ እዚያው ዓይነት ክፍል ውስጥ።

እኛ ጋ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ይህንኑ አደረገች። በጽሑፍ፣ በአግባቡ፣ ልክ ሲስተር እንዳሉት። ማኔጀሩ ፈቀደ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የሷ ሕፃናት ወደኔ መጡ። የኔም አሉ። በአንድ ንጋት አራት ሕፃን የያዝኩበት ቀን አለ። እኔም አልወደውም። ማን ይወደዋል? የሷ ኅሊና ንጹሕ የሆነው የኔ እጅ ስለያዘ ነው። ለሷ ነግሬያታለሁ፤ ከጀርባዋ አይደለም የምናገረው።

ሌላም ልጠይቅ። አንዷ ግርዛት አልይዝም ካለች፣ ሌላው ክትባት አልሰጥም፣ ሌላው ደም አልሰቅልም ቢል የት ነው የሚቆመው? ሕጋዊ ነው፣ ወላጅ ፈርሟል፣ ሐኪም አዟል። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሏል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይቀንሳል። ታዲያ ነርስ በምን ሥልጣኗ?

---

ሲስተር_ቨርጂኒያ

ዳላስ፣ የመጀመሪያው ቅሬታህ ልክ ነው። ለዚህ ነው «በምትኩ የምትሠሪውን ጻፊ» ያልኳት። ሸክሙን ለጓደኛ አስረክቦ መሄድ የኅሊና ሥራ አይደለም። በልዋጩ እሷ ደም ትቅዳ፣ ወደ ቤት የሚሄዱትን ታስተምር፣ ከባዱን አልጋ ትውሰድ።

የ2012ቱን መግለጫ ግን ሙሉውን እንይ። ጥቅሙ ይበልጣል ካለ በኋላ ለሁሉም ሕፃን ይደረግ ብሎ ለመምከር ግን አይበቃም ይላል። ውሳኔውን ለወላጅ ይተወዋል። ክትባት ላይ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ደም የሚሰቀለው ሕፃን ካልተሰቀለለት ይሞታል። ያልተገረዘ ሕፃን ነገ ጠዋት ጡት ጠብቶ ይተኛል። ለኔ መስመሩ እዚህ ጋ ነው። ታካሚው እየተጎዳ ከሆነ እምቢ ማለት የለም፤ ሥራው መቆየት የሚችል ከሆነ የነርሷም ኅሊና ቦታ አለው።

አሜሪካ ውስጥ እንኳ አንድ ወጥ አይደለም። በ1979 ሆስፒታል ከተወለዱት ወንዶች ወደ 65 በመቶው እዚያው ይገረዙ ነበር። በ2010 ወደ 58 ወርዷል። በአንዳንድ ግዛት ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን) አይከፍልም።

ስለ ሕጉ ደግሞ፦ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ እምነት ቦታ መስጠት አለበት። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይከብደኛል» የሚል አሠሪ ከበፊቱ የበለጠ ማስረዳት እንዳለበት ወስኗል። ግን እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እህታችን የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆነች መጀመሪያ እነሱን ታናግር።

---

ሐቅ_ፈላጊ

ሁላችሁም የምትሸሹትን ልጠይቅ። ሴት ልጅ ለማስገረዝ የሚመጣ ቢኖር ሁላችሁም በአንድ ድምፅ እምቢ ትላላችሁ። ወንዱ ላይ ስትሆኑ «ልማድ ነው፣ ወላጅ ፈርሟል» ነው። ሕፃን ሕፃን አይደለም?

---

አዋላጅ_ነኝ (ጎንደር አካባቢ)

ልጄ፣ እኔ አልሸሽም። ሁለቱንም በዓይኔ ያየሁ ነኝ።

የሴቷ ግርዛት በአገራችን ወንጀል ነው። በ1996ቱ (በእኛው አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ነው። ከሕጉ በፊትም በኋላም ለምነውኛል። አንዲት አያት «አንቺ ንጹሕ ነሽ፣ አንቺ ብታደርጊልን ደም አይፈሳትም» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ቤታቸው ደጅ ተቀምጬ ለመንኩ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠሩ። ያቺን የጠባሳ ምጥ አዋልጄ አውቃለሁ። እናቲቱ ስትቀደድ፣ ልጁ ጭንቅላቱ ደርሶ ሲመለስ አይቻለሁ። የወንዱ እንደዚያ አይደለም። እኩል ነው የሚል ሰው እኔ ያየሁትን አላየም።

ግን አንድ ነገር እውነትህን ነው። ያቺ አያት ያለችኝና የወንዱ አያት የሚሉኝ ቃል አንድ ነው፤ «አንቺ ንጹሕ ነሽ» ይሉኛል። ለአንዱ እሺ እላለሁ፣ ለሌላው እምቢ። ልዩነቱን የማውቀው በጉዳቱ ነው እንጂ በቃሉ አይደለም።

---

ጋምቤላ_የሠራ

አጭር ነገር። ጋምቤላ ክልል ውስጥ በፈቃደኝነት የሚደረግ የወንዶች ግርዛት ላይ ሠርቻለሁ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ሦስቱ ጥናቶች ወንድ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ወደ 60 በመቶ እንደሚቀንስ ስላሳዩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (በፈረንጆቹ) መክሮበታል። ያዳነው ሰው ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ጋ የሚመጣው ግን የ18፣ የ20፣ የ30 ዓመት ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ መርፌውን አይቶ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ማንም አይዘውም። ጥናቶቹም የተደረጉት በአዋቂዎችና በጎረመሱ ወንዶች ላይ ነው። የሁለት ቀን ሕፃን አልጋ ላይ ሲጠቀሱ ይህ መነገር አለበት።

---

ከናታንያ

እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን፤ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን። ዛሬም ነገም። ልጆቼን ሞሄል (የአይሁድ ገራዥ) ነው የገረዘልኝ፤ አልቆጭም።

ግን አባቴ በፈረንጆቹ 80ዎቹ ወደ እስራኤል ሲመጣ የሆነውን ልንገራችሁ። ረቢናቱ (የአይሁድ ሃይማኖት የበላይ አካል) አይሁድነታችንን ተጠራጥሮ የተገረዙትን ወንዶች እንደገና ጠብታ ደም እንዲሰጡ ጠየቀ፤ ምልክት እንዲሆን። በገዛ ሰውነታቸው ላይ። በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው አንድ ወር ያህል ተቃወሙ። አባቴ «እምቢ አልኩ» ሲል ድምፁ ይቀየር ነበር። አዋቂ ስለሆነ እምቢ ማለት ቻለ።

ይህን የጻፍኩት ማንንም ለመደገፍ አይደለም። ነርሷ የሕፃኑን ዓይን አየሁ ስትል አባቴ ትዝ ስላለኝ ነው።

---

ሰላማዊት_ስቶክሆልም

የማታ ፈረቃ፣ እኔ ስዊድን ነኝ። እዚህ ነገሩን በሌላ መንገድ ይዘውታል፤ ምናልባት ይጠቅምሻል።

በ2001 ሕግ ወጣ። ሁለት ወር ያልሞላውን ሕፃን ሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው የሃይማኖት ሰው ሊገርዘው ይችላል። ማደንዘዣውን ግን ሐኪም ወይም ነርስ መስጠት አለበት። ከሁለት ወር በላይ ከሆነ ሐኪም ብቻ ነው። ልጁ ሐሳቡን መግለጥ የሚችል ከሆነ ደግሞ ከፈቃዱ ውጭ አይደረግም። ብዙ ነርሶች ይህንንም አንሠራም ይላሉ፤ ማኅበራችን ውስጥ ክርክሩ አላለቀም።

እኔ እሄዳለሁ። የምሄደው ለማደንዘዣው ነው። ቀድሜ ክሬሙን እቀባለሁ፤ ኤምላ ይባላል። አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ቤተ ሰቡ ቡና እያፈላ እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቀመጣለሁ። ከዚያ መርፌው። ከዚያ ደግሞ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ አጎትየው «ሲስተር፣ እንግዶች እየጠበቁ ነው» አለኝ። «ልጁም እየጠበቀ ነው» አልኩት። ማንም ሳይቆጣ ተቀመጠ። እኔ «በቃ፣ ደንዝዟል» ሳልል ማንም ምላጭ አያነሳም። ሕጉ ያንን ቃል ለነርስ ሰጥቷል።

አንቺን የጎዳሽ መያዝሽ ብቻ አይመስለኝም። «ቆይ» ስትዪ የሚሰማሽ ሰው ማጣትሽ ነው።

---

የማታ_ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ሰላማዊት፣ የመጨረሻዋን መስመር አንብቤ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ዞርኩ። አዎ። እሱ ነው።

---

የማታ_ፈረቃ (ሜሪላንድ)
*ከሦስት ሳምንት በኋላ*

ምን እንደሆነ ንገሪን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ስለ ዓርቡ ሕፃን ነው፤ ሰዓቱን ከነደቂቃው ጠቅሼ። ሁለተኛው ስለ እኔ ነው። ሲስተር እንዳሉኝ በምትኩ የምሠራውን ዘረዘርኩ። ማኔጀሯ ዝም ብላ አነበበችውና «ሃይማኖትሽ ይከለክላል?» አለችኝ። «አይ፣ ሃይማኖቴ ያዝዛል» አልኳት። ግራ ገባት። እኔም ማስረዳት አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ስለ ገበታዋና ስለ ማሰሪያው ነገርኳት። እሷም የልጅ እናት ናት።

ለሦስት ወር ሙከራ ተፈቅዶልኛል። አልይዝም። በምትኩ ንጋት ላይ ደም መቅዳቱ የኔ ሆኗል፤ ከግርዛት በኋላ ያለውን ክትትልም እኔ ነኝ የምሠራው። በየ15 ደቂቃው ዳይፐሩን ከፍቼ መድማቱን አያለሁ። ለእናቶቹ ቫዝሊኑን ጎዝ ላይ እንዴት እንደሚቀቡት፣ ቢጫው ልባስ መግል እንዳልሆነና እንዳይፍቁት አሳያለሁ። አንዲት ጓደኛዬ አኩርፋኛለች። ዳላስ፣ ያልከውን ነገርኳት፤ «ልክ ነው ያለው» አለች። ቡና ገዝቼላት አልተቀበለችኝም። ጊዜ ይፈልጋል።

በመጀመሪያው ደብዳቤ የተነሳ አንድ ነገር ተቀየረ። ፎርሙ ላይ አሁን ሁለት መስመር አለ፤ መርፌው የተወጋበት ሰዓትና ሥራው የተጀመረበት ሰዓት። ሁለቱን የምትሞላው ነርሷ ናት። ሐኪሞቹ አልወደዱትም። ግን ይጠብቃሉ።

ትናንት አንድ ሕፃን ለእናቱ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። «አለቀሰ?» አለችኝ። «አዎ፣ አለቀሰ። መርፌው ሲወጋ አለቀሰ። ከዚያ በኋላም ትንሽ። አሁን አንቺን ነው የሚፈልገው» አልኳት። ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው። አልተቆጣችኝም። «እሺ» ብቻ አለች፤ ከዚያ ለልጁ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረችው።

---

አዋላጅ_ነኝ (ጎንደር አካባቢ)

ልጄ፣ ያ የስኳር ውሃ ያልሽው፣ እንዴት ነው የምትበጠብጡት? ስንት ደቂቃ ቀድማችሁ ትሰጣላችሁ? ሊዶካይን በሌለ ጊዜ የሚጠቅመኝ ከሆነ ብዬ ነው።

---

የማታ_ፈረቃ (ሜሪላንድ)

እናቴ፣ እኛ ጋ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ 24 በመቶ ነው። ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 24 ግራም ስኳር። ሁለት ደቂቃ ቀድሜ ጠብታ ጠብታ እያደረግሁ ምላሱ ጫፍ ላይ እሰጣለሁ፤ ከዚያም በመሐል። ከሌለ የእናቱን ጡት ቀድሞ መጥባቱም ያረጋጋዋል። ግን እናቴ፣ ይህ ማደንዘዣውን አይተካም። ሕመሙን ትንሽ ያበርደዋል እንጂ አያጠፋውም። ከተቻለ ሊዶካይኑ እስኪመጣ አቆዩት።

---

አዋላጅ_ነኝ (ጎንደር አካባቢ)

አቆየዋለሁ። ለሐሙስ ቀጠሮ ያላቸው ሁለት አሉ። ለአያቶቻቸው ነገ እደውላለሁ።